ስንት ሰው ያድራል

«እዚህ ቤት ስንት ሰው ያድራል?» አለ ባለኤሲው፣ አየር ማቀዝቀዣ ሊገጥም የመጣው ሰው፣ እስክሪብቶውን ከጆሮው ላይ መዝዞ።

«አራት» አለ የካውያ የወንድም ልጅ።

ካውያ ሦስት ብርጭቆ ሻይ በትሪ ይዛ ከኮሪደሩ ልትወጣ አንድ እርምጃ ሲቀራት ነበር ይህን የሰማችው። እግሯ ባለበት ቀረ። ለመቁጠር ጣት አላስፈለጋትም፤ እሱ፣ ሚስቱ፣ ሁለቱ ሴቶች ልጆቹ፣ አለቀ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በኋለኛው ክፍል የምታድረው የአባቱ እህት የትኛው ቁጥር ውስጥ እንደገባች ብትፈልግ ብታፈላልግ አላገኘችም። አፉን አዳልጦት ይሆናል ብላ ከራሷ ጋር ልትታረቅ ስትል፣ ባለኤሲው ሳያውቀው ሁለተኛ ዕድል ሰጠው። ቀልድ እንዳይመስልህ አለው፤ ሰው ዝም ብሎ ቢቀመጥ እንኳ የመቶ ሻማ አምፖል ያህል ያሞቃል፣ እንግዳ አይቆጠርም፣ ቋሚ አዳሪ ግን አንድም ሳይቀር ይቆጠራል፣ ማሽኑም የሚመረጠው በዚያ ነው። የወንድሟ ልጅ የወረቀቱን ጠርዝ በጣቱ አሰመረ። አንድ ስም ለማስታወስ የሚበቃ ጊዜ ወሰደ።

«አራት ነው» አለ ከዚያ። «አራት ብለህ ጻፍ።»

ካውያ ገብታ ሻዩን አስቀመጠች። ሠላሳ አንድ ዓመት በሆቴል ላውንድሪ የጋለ ብረት ይዛ የቆመች ሴት በቁጥር አትንቀጠቀጥም። ስሟንም ያወጡላት እዚያ የነበሩት ባልደረቦቿ ናቸው፤ ግማሹ ለሥራዋ፣ ግማሹ ለምላሷ። ጡረታ ስትወጣ ብረቱን አስረክባ ስሙን ይዛ ቀረች። ሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ «አምስተኛዋ ሻይ አመጣችላችሁ» ብላ ሁለቱንም ታሳፍራቸው ነበር። የዛሬውን ግን ዋጠችው። የወንድሟ ልጅ ብርጭቆውን ሲያነሣ ቀና ብሎ አላያትም፣ እሷም አለማየቱን አየች።

የቤቱ እድሳት ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል። የሳሎኑ ኮርኒስ ወርዶ ቆርቆሮው ከላይ አፍጥጦ ያያል፤ ሶፋዎቹ ላስቲክ ለብሰው ጥግ ይዘዋል፤ የሲሚንቶ ብናኝ ስኳሩ ውስጥ ሳይቀር ገብቶ ሻይ በተጠጣ ቁጥር ጥርስ ሥር ይንኮሻኮሻል። ይህ ሁሉ ጣጣ የመጣው በሙቀቱ ነው። ሙቀቱ ግን አዲስ አይደለም። አዲሱ ነገር የወንድሟ ልጅ ነው፤ ባንክ ቤት ብድር ክፍል የሚሠራ፣ ካልሲ ለመግዛት እንኳ ሦስት ሱቅ የሚያወዳድር ሰው፣ በአንድ ቅዳሜ ብድግ ብሎ ቤቱን አድሳለሁ፣ ኤሲ አስገባለሁ አለ። ስለ ማሽኑ ዋጋ ብዙም አልተከራከረም። የሚያስጨንቀው ሌላ ነው፤ በወር ስንት መብራት ይበላል፣ ዘንድሮ ብቻ ሳይሆን የዛሬ ዓመት፣ የዛሬ ሦስት ዓመት ስንት ይበላል እያለ ባለኤሲውን አንድ ጥያቄ በሦስት ልብስ እየቀያየረ ይጠይቀዋል። ባለኤሲው ደስ ብሎታል። ሰው ሁሉ ትልቁን ማሽን ስጠኝ ነው የሚለኝ አለ፤ ትልቅ ማሽን ትንሽ ክፍል ውስጥ ይነሣል ይጠፋል፣ ይነሣል ይጠፋል፣ እርጥበቱን ሳያወጣ ቆጣሪህን ብቻ ያሽከረክራል፤ መጀመሪያ ሙቀቱ እንዳይገባ ማድረግ ነው፣ የገባውን ማስወጣት ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ሁለት ሰዓት ሲሞላ ቤቱ ተበተነ። ልጆቹ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ወጡ። የወንድሟ ልጅ ሚስት፣ ፋርማሲስቷ፣ ነጩን ጋውን ክንዷ ላይ ጣል አድርጋ ከመኝታ ቤት ብቅ አለችና «እትዬ፣ የሳጥኑ ቁልፍ መሳቢያው ውስጥ እንዳለ ይንገሩት» አለቻት። እሱ የቆመው ሁለት እርምጃ ርቆ ነው። ካውያ ዞር ብላ ነገረችው፤ እሱም ለካውያ «ሰምቻለሁ በያት» አለ። ባልና ሚስቱ ተከታትለው ወጡና በሩ ላይ እሱ ወደ ግራ፣ እሷ ወደ ቀኝ ሄዱ። በፊት በአንድ ታክሲ ነበር የሚሄዱት። ካውያ ይህንንም ከአራቱ ጋር ደመረችው።

ለነገሩ የምትደምረው ነገር አላጣችም። ሁለት ሳምንት ይሆነዋል እሷ ስትገባ ወሬ ሲቋረጥ። አንድ ቀን የወንድሟ ልጅ ስልኳን ተቀብሎ የመብራትና የውሃ ሒሳብ እንዴት እንደሚከፈል ደጋግሞ አሳያት፤ ለምን እኔ ብትለው፣ ማወቁ አይከፋም ብሎ ሳቀ። ጥርሱ ነው የሳቀው። ሚስቱ ደግሞ ባለፈው እሑድ ልብስ አብረው ሲያጣጥፉ፣ ዓይኗን ከፎጣው ሳታነሣ «እትዬ፣ ከሰው ጋር አንድ ክፍል መተኛት ይከብድዎታል?» አለቻት። ካውያ ያን ቀን፣ ከማን ጋር፣ ብላ አልጠየቀችም። ዕድሜ ሲገፋ ሰው ከሰው ጋር የሚተኛበትን ቤት ታውቃለች። አልጋ በአልጋ የተደረደረበት፣ እሑድ እሑድ ጠያቂ ብርቱካን ይዞ የሚመጣበት መጦሪያ ቤት ነው።

ባለኤሲው ሲቀር እሷ ነበረች ቤቱን የምታሳየው። ቀጭን፣ ሠላሳውን ብዙ ያላለፈ፣ ቃሉን እንደ ሽቦ ቆጥቦ የሚቆርጥ ሰው ነው። በእጁ የያዛትን ትንሽ መለኪያ ግድግዳው ላይ ይደቅናል፣ ቁጥሩን ያነባል፣ ይጽፋል። ሳሎኑ መሃል ቆሞ ቀን ቀን ቤት የሚውለው ማን እንደሆነ ጠየቃት። እኔ ነኝ አለችው። «እንግዲያው የቤቱን ሙቀት የሚያውቁት እርስዎ ነዎት» አለና እስክሪብቶውን አዘጋጀ። ካውያን እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው ስላልነበረ መጀመሪያ ያፌዘባት መሰላት። ከዚያ ቀስ እያለች ጀመረች፤ እስከ አምስት ሰዓት ቤቱ ደህና ነው፣ ከሰባት ሰዓት በኋላ ፀሐይ ዞራ ትልቁን መስኮት ትይዛለች፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይሄ ግድግዳ እጅ አያስነካም፣ የሚብሰው ግን ፀሐይ ከገባች በኋላ ነው፣ ልጆቹ ፍራሹን ትተው ወለሉ ላይ የሚተኙትም ለዚያ ነው።

«ግድግዳው ወፍራም ጨርቅ ነው» አለችው። «ቶሎ አይግልም። ከጋለ ደግሞ ቶሎ አይበርድም።»

ባለኤሲው ይህን እንዳለ ጻፈው። የትልቁን መስኮት መጋረጃ አይቶ ግን ራሱን ነቀነቀ፤ ፀሐይ መስታወቱን አልፋ ከገባች በኋላ መጋረጃ ቢዘጉ ምን ዋጋ አለው፣ ከውጭ ነው ማስቆም፣ መስኮቱ ላይ ከውጭ በኩል ጥላ ይሠራለታል አለ። ካውያ ከሁለት ዓመት በፊት በዚሁ መስኮት ላይ ከውጭ አንሶላ ወጥራ ነበር፣ የወንድሟ ልጅ ከሥራ ሲመጣ ቤቱን የልብስ ማስጫ አስመሰልሽው ብሎ አወረደው። አክስት ስትለው ጭቅጭቅ፣ ተከፍሎት የመጣ ሰው ሲለው ምክር። ቢሆንም ያቺ ግማሽ ሰዓት ደስ አለቻት። ከክፍል ክፍል እየመራችው፣ እዚህ በር ሥር ነፋስ ይሾልካል፣ እዚህ ጋ ቆርቆሮው ሲሰፋ ይጮኻል እያለች፣ ቁጥሩን ለጊዜው ረሳችው።

ከወጥ ቤቱ ኋላ ወዳለው ወደ እሷ ክፍል ሲገቡ ባለኤሲው የወንድሟ ልጅ የሰጠውን የቤቱን ፕላን ዘረጋ። የሚዘረጋበት ሌላ ጠፍጣፋ ነገር ስላልነበረ አልጋዋ ላይ ዘረጋው፤ አንዲት እጥፋት የሌለው፣ ጠዋት ጠዋት በእጇ መዳፍ የምትተኩሰው አልጋ ላይ። ጣቱን ከወረቀቱ አንድ ጥግ ላይ አሳረፈ። ካውያ መነጽሯን አድርጋ ጎንበስ አለች። የእሷ ክፍል፣ በሩ በትክክል፣ መስኮቱ በትክክል ተስሏል። መሃሉ ላይ ሦስት ፊደል ተጽፏል፤ ስቶር።

ባለኤሲው የእሷን ፊት አላየም፣ መስኮቱን ነበር የሚያየው። መስኮቱ ፊት ለፊት የጎረቤቱ ፎቅ ግድግዳ ተገትሮ ቀኑን ሙሉ ጥላ ይጥላል፣ በዚህ ምክንያት ክፍሉ ጨለምለም ያለ ቢሆንም ከቤቱ ሁሉ ቀዝቃዛው እሱ ነው። ለውጪው ማሽን ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም አለ ባለኤሲው፣ የተጠማ ሰው ውሃ እንዳገኘ ደስ ብሎት። ማሽኑ ጥላ ላይ ሲቀመጥ አይደክምም፣ ካልደከመ መብራት አይበላም። ጀርባውን እዚህ እንሰቅላለን፣ የሚተፋው አየር ሙቅ ስለሆነ መስኮቱ በብሎኬት ይደፈናል፣ ስቶር ከሆነ ግድ የለም። ካውያ ሠላሳ አንድ ዓመት የሌላ ሰው አንሶላ ስትተኩስ ስንት ነገር ሰምታለች፣ ማሽን ጥላ ይገባዋል ተብሎ ሰው መስኮቱን ሲነጠቅ ግን አልሰማችም። ባለኤሲው ድንገት ወረቀቱን ሲያጥፍ ከሥሩ የተዘረጋውን አልጋ ልብ አለ።

«ሰው ይተኛበታል እንዴ?»

እኔ ነኝ ብትል አንድ ቃል ነበር። ግን የወንድሟ ልጅ ያላስቆጠራትን፣ መንገደኛ ሰው እንዲቆጥራት ልትለምን ነው? ኩራቷ ከወገቧ ቀድሞ ቀና አለ።

«ስቶር ተብሎ ተጽፎ የለም?» አለች። «ስቶር ነው።»

«አልጋውስ?»

«የተቀመጠ ዕቃ ነው።»

ባለኤሲው አልጋው ሥር ጎን ለጎን የቆሙትን ነጠላ ጫማዎች አየ፤ ራስጌው ላይ ያለውን የመድኃኒት ብልቃጥና ግማሽ ብርጭቆ ውሃ አየ። ማታ ወረቀቱን አዘጋጅቼ አመጣለሁ ብሎ ሄደ።

ካውያ ዕቃው ላይ ተቀመጠች። ማልቀስ ቢመጣላት ታለቅስ ነበር፤ የመጣባት ድካም ብቻ ነው፣ በሥራ ዘመኗ አርብ አርብ ማታ እግሯን አልጋ ላይ ስታወጣ እንደሚሰማት ያለ፣ ከአጥንት የሚነሣ ድካም። ከዚያ ተነሥታ ልብሷን ቀየረችና የመንደሩ ሱቅ በር ላይ ለተለጠፈው የደላላ ቁጥር ደወለች። ሰው ውጪ እስኪባል አይጠብቅም፤ ቢያንስ እሷ አትጠብቅም።

ደላላው «ማዘር» እያለ የሚጠራት፣ ስልኩ በየደቂቃው የሚጮኽ ጎልማሳ ነው። መጀመሪያ የወሰዳት አንድ ግቢ ውስጥ የተቀጠለች የቆርቆሮ ክፍል ናት። ነፋሻ ናት ማዘር አላት። ካውያ እጇን ሰዳ ጣሪያውን ነካችና ወዲያው መለሰችው። እዚህ ክፍል ውስጥ ሸሚዝ ብሰቅል ሳልነካው ይተኮሳል አለችው፤ ደላላው ሳቀ፣ ዋጋው ግን አልሳቀም። ሁለተኛው ከገበያው ጀርባ ባለ አሮጌ ፎቅ ሁለተኛ ደርብ ላይ ነበር። አንድ ክፍል ነው፤ ከግማሽ ጡረታዋ በላይ ይወስዳል፤ ሽንት ቤቱ ከሦስት ጎረቤት ጋር ነው፤ ኮሪደሩ የሌላ ሰው ሽንኩርት ይሸታል። መስኮቱ ወደ ምሥራቅ ስለሆነ ከሰዓት ፀሐይ አይደርስበትም። ካውያ መሃል ወለሉ ላይ ቆማ ዓይኗን ጨፈነች። በሩ ሲከፈት አየር ከመስኮቱ ገብቶ አንገቷን ነካክቶ አለፈ። ደህና ነው። ማንም አያውቃትም፣ ማንም አይጠብቃትም፣ ግን ደህና ነው። በእነዚያ ሁለት ደቂቃዎች ውስጥ በሐሳቧ አልጋዋን በግራ ግድግዳ፣ ሻንጣዋን ከሥሩ አስቀመጠችና፣ ማታ ማታ ከማን ጋር እንደምታወራ ማሰብ ላይ ስትደርስ ዓይኗን ገለጠች።

አከራይዋ በሩ ላይ ሆና ስንት ሰው ነው የሚያድረው አለች። ካውያ «አንድ» አለች። ቃሉ ትንሽ ቢሆንም አፏ ውስጥ ከበደ። ደላላው ሌላ ፈላጊ ስላለ እስከ አንድ ሰዓት ብቻ እንደሚያቆይላት ነገራት፤ እሷም እስከዚያ ቁርጡን እነግርሃለሁ ብላ በእግሯ ተመለሰች። ታክሲ ለመያዝ ጉልበት እንጂ ሳንቲም አላጣችም፤ መጋፋቱ ነው የከበዳት።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቤት ስትገባ ልጆቹ መኝታ ቤት የቤት ሥራቸውን ይዘዋል፤ ባለኤሲው ላስቲክ በለበሰው ሶፋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ወረቀቱን ለወንድሟ ልጅ እያስረዳ ነው። ፋርማሲስቷ ጋውኗን ሳታወልቅ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ብርጭቆ ትለቀልቃለች። ባለኤሲው ነገሩን በቅደም ተከተል ይዞታል። መጀመሪያ ቆርቆሮው ነጭ ቀለም ይቀባል፣ ከኮርኒሱ በላይ ፎም ይነጠፋል፣ ጣሪያው ውስጥ የታፈነው አየር የሚወጣበት ቀዳዳ ግራና ቀኝ ይከፈታል። ቀጥሎ የምዕራቡ መስኮቶች ከውጭ ጥላ ይሠራላቸዋል፣ የበሮቹ ሥር ይደፈናል። ይህ ሁሉ ከሆነ ሦስት ማሽን ያልከው ሰው በሁለት ትንንሽ ትገላገላለህ፣ በቀረው ክፍል ቬንትሌተር ይበቃል፤ ይሄ ግድግዳ ሙቀቱን የሚመልሰው ከመሸ በኋላ እንደሆነ ስለነገሩኝ ማሽኑ ከሰዓት በኋላ ለጥቂት ሰዓት ቀደም ብሎ ግድግዳው ሳይግል ይሠራል አለና ወደ ካውያ በራሱ አመለከተ። የወንድሟ ልጅ ግን ያው ነው።

«በአንድ ደመወዝ የሚቻል ነው? ፍጆታው ማለቴ ነው።»

ይቻላል አለው ባለኤሲው። ካውያ ይህን ስትሰማ፣ ሁለት ደመወዝ በሚገባበት ቤት አንድ ደመወዝ ምን ማለት ነው ብላ ትንሽ ቆም አለች፣ ግን ድካሟ ከማሰቧ ቀደመ። ባለኤሲው ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ትቶ ተነሣ። በሩ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

«አንድ ነገር ብቻ» አለ። «ስቶሩ ውስጥ የሰው አልጋ አይቻለሁ። እኚህ እናት ዕቃ ነው ብለውኛል፣ እኔን ዕቃ አልመሰለኝም። ሰው የሚያድርበትን ክፍል መስኮት አልደፍንም። ተነጋገሩና ደውሉልኝ።»

የውጪው በር ተዘጋ። ወጥ ቤቱ ውስጥ የቧንቧው ውሃ ብቻ ይሰማል። የወንድሟ ልጅ ወረቀቱን አጠፈ፣ ዘረጋ፣ መልሶ አጠፈ።

«ዕቃ ነው አልሽው?»

«ፕላኑ ላይ ያጻፍከው አንተ ነህ።»

«አንቺን ወደ ፊተኛው ክፍል፣ ከልጆቹ ጋር ልናዛውርሽ አስበን ነው እኮ። ልንነግርሽ ነበር።»

«አራት ብለህ አስጽፈሃል» አለች ካውያ። ድምጿን አላነሣችም፤ ለማንሣትም ዐቅም ይጠይቃል። «ሰምቻለሁ። ሁለቴ ነው ያልከው። እኔ አንተን በሁለት ቃል የምጣላ ሰው አይደለሁም፣ ግን ክፍል ፈልጌ መጥቻለሁ። እንዳታፍርብኝ በጊዜ እሄድልሃለሁ።»

ወጥ ቤት ውስጥ ውሃው ተዘጋ። የወንድሟ ልጅ በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን አየው።

«አክስቴ፣ አንቺን ቆጥሬሻለሁ» አለ። «ያልተቆጠርኩት እኔ ነኝ።»

አልገባትም። ሚስቱን አየች። ፋርማሲስቷ እርጥብ እጇን ጋውኗ ላይ እያበሰች ወለሉን ታያለች። እሱ ቀጠለ፣ እንደ ባንክ ደብዳቤ ደረቅ አድርጎ፤ ከሁለት ወር በፊት ተነጋግረው መለያየቱ ይሻላል ብለዋል፣ ጠብ የለም፣ ሌላ ሰው የለም፣ በቃ ደክመዋል፤ ወር ሲያልቅ ወደ አንድ ጓደኛው ቤት ይወጣል፣ ቤቱ ለልጆቹ ይቀራል፣ እሱ ከወጣ በኋላ በሙቀት እንዳይቃጠሉ፣ መብራቱም በሚስቱ ደመወዝ እንዲቻል አሁን ያለውን አሟጦ ማሠራት ፈልጓል። ካውያ ባጠገቧ ያለውን የሶፋ ላስቲክ ይዛ ቁጭ አለች። የተቋረጠው ወሬ፣ የመብራቱ ሒሳብ፣ ግራና ቀኝ የተከፋፈሉት መንገዶች፣ ከሰው ጋር መተኛቱ፣ አንዱ ደመወዝ፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ልብሱን በግልባጩ ስትተኩስ ከርማለች። ቤት ውስጥ የሚፈርሰውን ነገር ሁሉ በራሷ ላይ የሚፈርስ አድርጋ ስታይ፣ ዓይኗ ሥር ትዳር ሲያልቅ አላየችም። አፈረች። እፍረቱ ግን ገና ሳይደርቅ ሌላ ነገር ከሥሩ ብቅ አለ። ሁለት ሰዎች ቁጭ ብለው ዕቃ ሲከፋፈሉ፣ አልጋው ለማን፣ ቁም ሣጥኑ ለማን ሲሉ፣ እሷ ለሚስቲቱ ደርሳለች። የእሱ ሥጋ ሆና ሳለ የትኛው ወገን ልትሆን እንደምትፈልግ የጠየቃት የለም። መቆጠር ይሏል ይሄ ነው።

ስልኳ ጮኸ። ደላላው ነው። ካውያ እዚያው በፊታቸው አነሣችው። ማዘር፣ አንድ ሰዓት ሊሞላ ነው፣ ክፍሏን ልስጣት ወይስ ትይዣታለሽ የሚለው ድምፁ ከስልኩ ተርፎ ሳሎኑን ሞላው።

«እስከ ነገ ጠዋት አቆይልኝ» አለችው። «እዚህ የማወራው ሰው አለ። የሚያስቸግርህ ከሆነ ለሌላው ስጠው፣ አልቀየምህም።» ስልኩን ጭኗ ላይ አኖረችው።

ፋርማሲስቷ ወደ ሳሎኑ አንድ እርምጃ ገባች። «እትዬ፣ እርስዎ ከሄዱ እኔ ከሥራ እስክመጣ ልጆቹን ማን…» ብላ ጀመረችና፣ ያወጣችው ቃል ራሷን አሳፈራት። «ለልጆቹ ብቻ አይደለም» አለች ቀስ ብላ። «እኔ ነኝ እርስዎ ይቅሩልኝ ያልኩት። እሱ ይወስደኛል ብለው እንዳይሄዱ ፈርቼ ነው ያልነገርኩዎት።» ካውያ አልተቆጣቻትም። ካውያን ለምን እንደምትፈልጋት ከሁለቱ ቀድማ ያወጣችው እሷ ናት፤ መጀመሪያ ያወጣችው ደግሞ ልጆቹን ማን ይይዛል የሚለውን መሆኑ ይበልጥ አሳመናት። ሰው የሚፈልገውን ሲደብቅ ነው የሚያስፈራው።

የወንድሟ ልጅ ጎንበስ ብሎ ክርኑን ጉልበቱ ላይ አሳረፈ። አርባውን ሊደፍን የቀረበ ሰው ነው፤ አቀማመጡ ግን ጥፋቱን ሌላ ሰው እንዲያወራለት የሚጠብቅ ልጅ አስመሰለው። «ለልጆቹ እስካሁን አልነገርናቸውም» አለ። «አንቺ ብትነግሪያቸው… አንቺን ይሰሙሻል። አንቺ ታውቂበታለሽ።»

ከቆርቆሮው በላይ ቀኑ እየበረደ ብረቱ ቋ ቋ ይላል። ግድግዳው ቀን የጠጣውን መትፋት ጀምሯል፣ ጀርባዋ ላይ ይሰማታል። ሄዳ ያየችውን ክፍል አሰበች፤ ሁለት ደረጃ፣ የሌላ ሰው ሽንኩርት፣ ማንም የማይጠብቃት ምሽት። ከዚያ ይሄንን ቤት አሰበች፤ ሁለት ልጆች፣ ከሥራ ደክማ የምትመጣ ሴት፣ ይህንን ሁሉ የሚሸከም አንድ አሮጌ ወገብ። አንዱም አያሳርፍም። ልዩነቱ አንደኛው ውስጥ እሷ የምትለው ነገር መኖሩ ብቻ ነው፣ ያውም ዛሬ ካለችው።

«ክፍሌ ክፍሌ ነው» አለች። «ከልጆቹ ጋር አልተኛም፤ ሲያማቸው አድራለሁ፣ ሳያማቸው በሬን ዘግቼ አድራለሁ። መስኮቱ አይደፈንም። ማሽኑ ሌላ ጥላ ይፈለግለት፣ መብራት ቢበላም ይብላ። ለእኔ ሌላ ጥላ ማንም አልፈለገልኝም። ሂሳቡን በስልክ እከፍላለሁ፣ አስተምረኸኛል። አንተም በሳምንት ሁለት ቀን ትመጣለህ፣ እንግዳ ሆነህ ሳይሆን ሽንኩርት ልትልጥ። ይሄ ከተመቻችሁ ነገ ጠዋት ለደላላው እምቢ እለዋለሁ። ካልተመቻችሁ እሺ እለዋለሁ።»

ፋርማሲስቷ «እሺ» አለች ወዲያው። የወንድሟ ልጅ ራሱን ነቀነቀ። ሁለቱ በአንድ ነገር ሲስማሙ ካየቻቸው ቆይቷል።

«ለልጆቹ ግን» አለ እሱ።

«ለልጆቹ አንተ ነህ የምትነግራቸው» አለች ካውያ። «አሁን። እኔ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ፣ ከዚያ በላይ አልችልም።»

ነገ ይሁን አለ፤ ቅዳሜ ይሁን አለ፤ ፈተና አለባቸው አለ። ካውያ ክርክሩን ሁሉ እንደ ዝናብ አሳለፈችውና ከተቀመጠችበት ሆና ልጆቹን በስማቸው ጠራቻቸው። ትልቋ እርሳሷን እንደያዘች መጣች፤ ትንሿ አንድ እግር ካልሲ ብቻ አድርጋ ተከተለቻት። ኮርኒስ በሌለው ሳሎን ውስጥ ሦስት ትልልቅ ሰዎች ቴሌቪዥን ሳይከፍቱ ተቀምጠው ሲያገኟቸው ምን አጠፋን በሚል ዓይን ተያዩ። እናታቸው ሶፋው ላይ ግራና ቀኟ አስቀመጠቻቸው። ላስቲኩ ተንጫጫና ዝም አለ።

አባታቸው ጉሮሮውን ጠረገ። «ልጆች» አለ፤ «እኔና እናታችሁ…» አለ። ከዚያ ቃሉ ጠፋበትና ዕድሜውን ሙሉ እንደለመደው፣ ጨርሺልኝ በሚል ዓይን ወደ አክስቱ ዞረ።

ካውያ የምትለውን ቃል አጥታ አልነበረም። አፏን ገጥማ፣ ዓይኗን ከእሱ ላይ ሳታነሣ፣ ራሱ እስኪቀጥል ጠበቀች።